ጤንነትና የዕለት እንጀራ በወረርሽኝ ጊዜ፤ የዲላና የጌዴኦ ዞን ኑሮ ለትምህርት ፕላን የሚሰጠው ግንዛቤ

1. መግቢያ

ወረርሽኝ በአንድ አገር ላይ በሚነሣበት ጊዜ ሕዝብን ከበሽታ ለመጠበቅ የሚወሰዱት እርምጃዎች ራሳቸው ሌላ ጉዳት ሊያስከትሉ እንደሚችሉ የታወቀ ነው። ገበያ ሲዘጋ የበሽታው መዛመት ይቀንስ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ጠዋት የሸጠችውን ማታ ለእራት የምታውል እናት ገቢ በዚያው ዕለት ይቋረጣል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በአንድ ክፍል ታጭቀው የሚውሉ ሕፃናት ይበተናሉ፤ ነገር ግን ሕፃናቱ ከመጽሐፋቸው፣ ከመምህራቸውና አንዳንዶቹም ከምሳቸው ይለያያሉ።

በዚህ ጽሑፍ በ2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባውን የኮቪድ 19 ወረርሽኝ መነሻ በማድረግ፣ በዲላ ከተማና በጌዴኦ ዞን ያለውን የኑሮ ሁኔታ በምሳሌነት በመውሰድ፣ የጤና አደጋንና የኑሮ ችግርን እንዴት አመዛዝኖ ማየት እንደሚቻል ለማብራራት ይሞከራል። የዓለም የጤና ድርጅት ወረርሽኙን በሚመለከት ያወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ያነሣው በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ነው። ጉዳዩን ዛሬ ማንሣት ያስፈለገበት ምክንያትም ግልጽ ነው። በወረርሽኝ መካከል ፕላን ለማውጣት ጊዜ አይገኝም፤ ፕላን የሚወጣው ነገር ሁሉ ጸጥ ባለበት ወቅት ነው።

የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ አንድ ዓይነት ትእዛዝ በሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ዋጋ አያስከፍልም። ስለሆነም ከትእዛዙ በፊት እያንዳንዱ ቤት በምን እንደሚተዳደር ማወቅ ያስፈልጋል። በየቀበሌው ይህን ለማወቅ ከማንም ይልቅ የሚቀርበው ደግሞ መምህሩ ነው።

2. የወረርሽኙ አመጣጥና የተወሰዱት እርምጃዎች

የዓለም የጤና ድርጅት ኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው በሽተኛ መገኘቱ የተገለጸው ከሁለት ቀን በኋላ መጋቢት 4 ቀን ነበር። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በዚህም ውሳኔ በመላው አገሪቱ ከ26 ሚሊዮን የማያንሱ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ተለዩ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወራት የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

መንግሥት እንደ አንዳንድ አገሮች ሕዝቡ ሙሉ በሙሉ ከቤት እንዳይወጣ አላዘዘም። ለዚህም ዋናው ምክንያት ከሕዝቡ ብዙው የዕለት ጉርሱን በዕለት ሥራ የሚያገኝ መሆኑ ነበር። በዚህ ፈንታ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ግዴታ ሆነ፤ የሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች በግማሽ ጭነት እንዲሠሩ ተደረገ። አሠሪዎች ሠራተኞችን እንዳያሰናብቱ፣ አከራዮችም ተከራዮችን እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ ተደነገገ።

እነዚህ ድንጋጌዎች የኑሮን ችግር ያገናዘቡ እንደነበሩ አይካድም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። «ሠራተኛ አታሰናብት» የሚለው ደንብ የሚጠብቀው ቋሚ አሠሪ ያለውን ሰው ነው። ጠዋት መንገድ ዳር ቆሞ ሥራ የሚጠብቀውን የቀን ሠራተኛ፣ በጉልት የምትቸረችረውን ሴት፣ ሸክም ተሸካሚውን የሚያሰናብታቸው አሠሪ ስለሌላቸው ደንቡ አይደርስላቸውም። መኪና በግማሽ ጭነት ሲሄድም ታሪፉ ከፍ ስለሚል፣ ቆጮና ፍራፍሬ ይዛ ከገጠር ወደ ዲላ ገበያ የምትመጣው ሴት ትርፏን ለመጓጓዣ ትከፍላለች። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር መካሄድ በጀመረው የዓለም ባንክ የስልክ ጥናትም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቤተሰቦች ገቢያቸው መቀነሱን ወይም ጨርሶ መቋረጡን ገልጸዋል።

3. የጌዴኦ ሕዝብ አኗኗር

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዋናው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የቡና ንግድ ከተማና የዞኑ ዋና ከተማ ናት። የጌዴኦ ዞን በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና የቤት ቆጠራ 847 ሺህ 434 ነዋሪዎች ነበሩት። የቆዳ ስፋቱ ከ1 ሺህ 211 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልበለጠ በመሆኑ በዚያን ጊዜ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው ይደርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሕዝቡ ቁጥር ጨምሯል፤ መሬቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ «አካላዊ ርቀታችሁን ጠብቁ» የሚለው ምክር በጌዴኦ ከፍ ያለ ጥረት የሚጠይቅ ነው።

ሕዝቡ በዚህ ጠባብ መሬት ለመኖር የቻለው ትልልቅ ዛፎችን፣ እንሰትንና ቡናን በአንድ ማሳ ደርቦ የማልማት ጥንታዊ ጥበብ ስላለው ነው። ዋንዛውና ብርብራው ከላይ ጥላ ይሆናሉ፤ ከሥራቸው እንሰቱ ይቆማል፤ በመካከሉም ቡናው ያፈራል። ይህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በኤኮኖሚ ረገድ ሲታይ እንሰት የቤቱ ጎተራ፣ ቡና ደግሞ የቤቱ ኪስ ነው። እንሰት ያለው ቤተሰብ ገበያ ቢዘጋም ቆጮ አያጣም፤ ጨው፣ ዘይት፣ ደብተርና መድኃኒት የሚገዛው ግን በቡና ገንዘብ ነው።

የቡናው ገንዘብ የሚገኝበት ወቅት የተወሰነ ነው። እሸት ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። ከመጋቢት በኋላ ያለው ጊዜ የብዙ ቤተሰብ እጅ የሚያጥርበት ወቅት ነው። የ2012ቱ ክልከላ የመጣውም በዚሁ በመጋቢት ወር ነበር።

ከዚህም በላይ ወረርሽኙ የደረሰው ገና ያላገገመ ሕዝብ ላይ ነበር። በሚያዝያና በሰኔ ወር 2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች መካከል በተፈጠረው ግጭት በሁለቱ ዞኖች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቅሎ ነበር። ብዙዎቹ በ2011 ዓ.ም. ወደ ቀያቸው ሲመለሱ የተቃጠለ ቤትና የወደመ ማሳ ነው የጠበቃቸው። እንሰት ከተተከለ በኋላ ለምግብ እስኪደርስ በርካታ ዓመታት የሚወስድ በመሆኑ፣ ከመፈናቀል የተመለሰው ቤተሰብ በ2012 ዓ.ም. በጓሮው የሚተማመንበት ጎተራ አልነበረውም።

4. አንድ ትእዛዝ፣ አራት ዓይነት ቤት

ለማብራራት እንዲያመች የዞኑን ቤተሰቦች በአራት ክፍል ከፍለን እንመልከት። አከፋፈሉ ሁሉን ያጠቃለለ ባይሆንም ለማሰላሰል ይረዳል።

ሀ) ደመወዝተኛው ቤተሰብ። መምህሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የባንክ ሠራተኛው በዚህ ይመደባሉ። ቤት ቢቀመጡም ደመወዛቸው አይቋረጥም። ክልከላው የሚያስከፍላቸው ዋጋ በአብዛኛው የመሰላቸትና የልጆች ትምህርት መጓደል ነው።

ለ) እንሰትና ቡና ያለው ገበሬ። ምግብ አለው፤ ሥራውም በራሱ ማሳ ላይ ስለሆነ ከሰው ጋር መጋፋት የለበትም። የሚጎዳው ገንዘብ ሲያጥረውና ሲታመም ሐኪም ቤት የሚደርስበት መጓጓዣ ሲወደድበት ነው።

ሐ) የቀን ገቢ ያለው የከተማ ቤተሰብ። በዲላ በቡና መጋዘኖች ቡና የሚለቅሙ ሴቶች፣ ሸክም ተሸካሚዎች፣ የጉልት ነጋዴዎች፣ የሞተር ብስክሌትና የባጃጅ ሾፌሮች በዚህ ይገኛሉ። ዛሬ ካልሠሩ ማታ የሚበላ የለም፤ የሚኖሩትም በአብዛኛው በጠባብ የኪራይ ክፍል ነው።

መ) ማሳውን ያጣ ቤተሰብ። ከመፈናቀል የተመለሱትና መሬት የሌላቸው ወጣቶች የመሠረቷቸው ቤቶች በዚህ ይመደባሉ። እነዚህ ጎተራም ኪስም የላቸውም፤ የዕለት ኑሯቸው በርዳታና በሌላ ሰው ማሳ በሚገኝ የጉልበት ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው።

«ለአንድ ወር ቤት ተቀመጡ» የሚል ትእዛዝ ቢወጣ የመጀመሪያው ቤት ይታዘዛል። ሁለተኛው ለጊዜው ይችላል። ሦስተኛው በሦስተኛው ቀን ይወጣል። አራተኛው በመጀመሪያው ቀን እንኳ ሊታዘዝ አይችልም። ትእዛዙን የጣሱት ሰዎች ከእውቀት ማነስ ወይም ከእልኸኝነት የጣሱት ተደርጎ የሚቀርበው አስተያየት ስለዚህ በብዙው የተሳሳተ ነው። አቅምን ያላገናዘበ ትእዛዝ ከመጣሱም ሌላ ሕዝቡ በሚቀጥለው ትእዛዝ ላይ ያለውን እምነት ያሳጣል።

5. የበሽታ አደጋና የረኃብ አደጋ በአንድ ጣሪያ ሥር

ኮቪድ 19 ሁሉንም ሰው እኩል አይጎዳም። አረጋውያን፣ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብና የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለሞት ይበልጥ የተጋለጡ ሲሆኑ፣ ሕፃናት በአብዛኛው ቀለል ባለ ሁኔታ ያልፋቸዋል። በረኃብ ረገድ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የምግብ እጥረት ቀድሞ የሚጎዳው ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡሮችንና የሚያጠቡ እናቶችን ነው።

አስቸጋሪው ነገር ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቤት የሚኖሩ መሆናቸው ነው። ለምሳሌ ያህል በዲላ በአንድ ክፍል ውስጥ የምትኖር ቡና ለቃሚ እናት፣ የስኳር ሕመም ያለባት አያትና ሦስት ልጆች ያሉበትን ቤት በሐሳባችን እንሳል። እናቲቱ ወደ ሥራ ከሄደች በሽታውን ለአያቲቱ ልታመጣ ትችላለች፤ ካልሄደች ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ፤ ለአያቲቱም መድኃኒት መግዣ አይኖርም። በዚህ ቤት «ጤና ወይስ ገንዘብ» ተብሎ የሚቀርበው ጥያቄ ትርጉም የለውም። ገንዘቡ ራሱ መድኃኒትና ምግብ፣ ማለትም ጤና ነውና።

መፍትሔው የሚገኘው ሁለቱን አደጋዎች ለያይቶ በማየት ነው። በሽታው በይበልጥ የሚተላለፈው በተዘጋና አየር በማይዘዋወርበት ቦታ ብዙ ሰዎች ለረጅም ጊዜ አብረው ሲቆዩ ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ በዛፍ ጥላ ሥር እሸት ቡና መልቀም አደጋው ዝቅተኛ ነው። በማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና ማገላበጥም እንዲሁ በአየር ላይ የሚሠራ ነው። በመጋዘን ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀምጦ መልቀም ግን አደጋው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ የቡናውን ሥራ በጅምላ ከማቆም ይልቅ የመጋዘኑን ለቀማ ወደ ዳስ ማውጣት፣ መቀመጫውን ማራራቅና ሠራተኞቹን በፈረቃ መከፋፈል ይቻላል። እንዲሁም ገበያን ከመዝጋት ሰፊ ሜዳ ላይ ማዘርጋት ይሻላል። ለአያቲቱ ደግሞ ጤና ኬላው የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒቷን በአንድ ጊዜ ቢሰጣት፣ በቤቱም በር ወይም መስኮት አጠገብ ብትተኛ፣ ክትባት ሲገኝም ቅድሚያ ብታገኝ አደጋው በብዙ ይቀንሳል። በኢትዮጵያ ክትባቱ የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ባለው አንድ ዓመት አረጋውያንን ለመጠበቅ የነበረው ዘዴ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ብቻ ነበር።

6. የትምህርት ቤት መዘጋት ያስከተለው

ትምህርት ቤት መዝጋት ለአስተዳደር ቀላል የሆነ እርምጃ ነው። በአንድ ደብዳቤ ይፈጸማል፤ ወጪውም በበጀት መዝገብ ላይ አይታይም። ወጪው የሚታየው በልጆቹ ላይ ነው።

ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኋላ ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲሰጥ ጥረት ተደርጓል። ዘዴው ለመጀመሪያው ዓይነት ቤት ልጆች ጠቅሟል። መብራትና ስልክ በሌለበት የገጠር ቀበሌ ለሚኖረው፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው በጌዴኦኛ ፊደል መቁጠር ለጀመረው የአንደኛ ክፍል ልጅ ግን ብዙም አልደረሰለትም። በመጨረሻም ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ተማሪዎች ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወሩ ተደረገ። ልጁ ክፍል ተሻገረ፤ ያልተማረው ትምህርት ግን ወደ ኋላ ቀረ።

ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ፣ በገጠር ካሉት በመጀመር ተከፈቱ። ተማሪዎችም በፈረቃና በተራ ቀን እንዲማሩ ተደረገ። በጌዴኦ ግን ጥቅምት የእሸት ቡና ለቀማ መጀመሪያ ነው። ለሰባት ወራት ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ ገቢ የሚያገኝበት ወር ሲደርስ የልጁን ጉልበት መፈለጉ አይቀርም። ትምህርት ቤቱ የተዘጋው ቤተሰቡ እጅ ባጠረው ወቅት፣ የተከፈተው ደግሞ ለልጁ ሥራ በተገኘበት ወቅት ነበር። እንዲህ ያለው የጊዜ ግጭት በማዕከል ሆኖ ለሚያቅድ ሰው አይታየውም፤ በወናጎ ወይም በኮቾሬ ለሚያስተምር መምህር ግን ሳይነገረው የሚያውቀው ነገር ነው።

7. ካለፉት ወረርሽኞች የሚገኝ ትምህርት

አገራችን ለወረርሽኝ አዲስ አይደለችም። በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ተብሎ የሚታወቀው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ አሥር ሺህ የሚገመት ሰው ፈጅቷል። በዚያን ጊዜ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ላይ ስለተኛ ውሃ የሚያቀብልና ምግብ የሚያበስል ጠፍቶ የሞቱም እንደነበሩ ይነገራል። ከዚህ የምንረዳው የአስታማሚና የምግብ ጉዳይ ከሕክምናው ተለይቶ የማይታይ መሆኑን ነው።

ከውጭ አገር ደግሞ ሴራሊዮንን እንመልከት። በምዕራብ አፍሪካ የኢቦላ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ትምህርት ቤቶቿ ከ2006 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ድረስ ተዘግተው ቆዩ። ትምህርት በሬዲዮ ቢሰጥም በዚያ ጊዜ ብዙ ልጃገረዶች አረገዙ። ትምህርት ቤት ሲከፈትም እርጉዝ ልጃገረዶች ከመደበኛ ክፍል እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ ክልከላው የተነሣው በ2012 ዓ.ም. ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የትምህርት ቤቱ በር ራሱ ለልጃገረዶች አጥር ሆኖ ያገለግል እንደነበረ የታወቀው በሩ ከተዘጋ በኋላ መሆኑ ነው።

8. የመፍትሔ ሐሳቦች

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት የሚከተሉት ሐሳቦች ለመምህራንና ለፕላን አውጪዎች ይቀርባሉ።

1ኛ) የቤተሰብ ሁኔታ መዝገብ። የክፍል ኃላፊ መምህር በየዓመቱ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ተማሪ አራት ነገር ቢመዘግብ ይበቃል፤ ቤተሰቡ በምን እንደሚተዳደር፣ በቤቱ አረጋዊ ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው መኖር አለመኖሩን፣ ሬዲዮ ወይም ስልክ መኖሩን፣ ልጁ ከቡና ለቀማ ጋር ያለውን ግንኙነት። መዝገቡ በምሥጢር የሚያዝ ሆኖ ርዳታ ለማከፋፈል በሚያስፈልግበት ጊዜ ብቻ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ለቀበሌው ኮሚቴ የሚገለጽ መሆን አለበት። ለቀረጥ ወይም ለክስ የሚውል መስሎ ከታየ እውነተኛ መልስ የሚሰጥ ወላጅ አይገኝም።

2ኛ) ክልከላና ርዳታ በአንድ ሳምንት። የአንድን ቤተሰብ ገቢ የሚያቋርጥ ማንኛውም ውሳኔ በዚያው ሳምንት የሚደርስ የእህል ወይም የገንዘብ ድጋፍ ካልተያያዘለት በተግባር ሊጸና አይችልም። ርዳታው በቅድሚያ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ዓይነት ቤት ሊደርስ ይገባል።

3ኛ) ከወቅቱ ጋር የተስማማ የትምህርት ካሌንደር። ትምህርት ቤት ለወራት ተዘግቶ ሲከፈት በቡና ለቀማ ወራት የትምህርቱን ሰዓት በጠዋት ማድረግና ማካካሻውን ከጥር በኋላ መያዝ ልጁን ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥ ያድነዋል።

4ኛ) የጥላ ሥር ትምህርት። ትምህርት ቤት መዘጋቱ ግድ ከሆነ በየመንደሩ ጥቂት ልጆችን በትንንሽ ቡድን ከዛፍ ጥላ ሥር ሰብስቦ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ማስተማር ይቻላል። በተለይ ማንበብ በመጀመር ላይ ላሉት የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆች ከሬዲዮ ይልቅ ይህ ይጠቅማል። በዚያው በመንደሩ የሚኖሩ መምህራን ቢመደቡበት መጓጓዣ አይጠይቅም።

5ኛ) ምሳው ወደ ቤት። የተማሪዎች ምገባ ባለባቸው ትምህርት ቤቶች ትምህርት ሲቋረጥ ምገባው አብሮ መቋረጥ የለበትም። እህሉን መዝኖ በተራ ለወላጆች ማደል ይቻላል። በዚያው አጋጣሚ መምህሩ የልጁን ሁኔታ ይጠይቃል፤ ልጃገረድ ለጋብቻ መታጨቷንም በጊዜው ሊሰማ ይችላል።

6ኛ) የሶንጎና የእድር ሽማግሌዎች። በጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተሰብስበው የሚመክሩት ምክር ክብደት አለው። ስለ ለቅሶ ሥርዓት፣ ስለ ገበያና ስለ ሠርግ የሚወጣ መመሪያ አስቀድሞ በሶንጎና በእድር ቢመከርበት ሕዝቡ የራሱ ውሳኔ አድርጎ ይቀበለዋል። ማስታወቂያውም በጌዴኦኛ ጭምር መዘጋጀት አለበት።

7ኛ) አስቀድሞ የታወቀ መለኪያ። ትምህርት ቤት በምን ሁኔታ እንደሚዘጋ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይና በምን ሁኔታ እንደሚከፈት በጽሑፍ ተወስኖ ሊቀመጥ ይገባል። የመጨረሻው እርምጃ መዝጋት ይሁን፤ ከዚያ በፊት መስኮት መክፈት፣ ፈረቃ ማድረግ፣ የታመመውን ልጅ ብቻ ማቆየት የሚሉ ደረጃዎች አሉ።

እነዚህን ለመፈጸም በዞኑ መሠረት የሚሆን ነገር አለ። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይገኛሉ። የዲላ ዩኒቨርሲቲም በመጀመሪያ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመ በመሆኑ መምህሩንና የጤና ባለሙያውን በአንድ ፕላን ላይ ለማገናኘት የተመቸ ነው።

9. መደምደሚያ

በኢትዮጵያ በኮቪድ 19 መሞታቸው የተመዘገበ ሰዎች ቁጥር ከ7 ሺህ 500 በላይ ነው። በሽታው ቀላል ነበር ማለት አይቻልም፤ ጥንቃቄውም አላስፈላጊ አልነበረም። የሚቀጥለው ወረርሽኝ ግን በሌላ መልክ ሊመጣ ይችላል፤ ምናልባትም እንደ ኅዳር በሽታ ለወጣቱ የማይራራ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ሚዛኑ እንደ አዲስ መታየት ይኖርበታል። የማይለወጠው ሚዛኑን የሚይዘው ሰው ሊያውቀው የሚገባው ነገር ነው፤ ማን በደመወዝ፣ ማን በእንሰት፣ ማን በዕለት ጉልበት እንደሚያድርና በየቤቱ ማን እንደታመመ።

ይህ እውቀት በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሪፖርት ውስጥ አይገኝም፤ በክፍል መጠሪያ ደብተር አጠገብ በሚቀመጥ አንድ ተራ መዝገብ ውስጥ ግን ሊገኝ ይችላል። ርእሳነ መምህራን ይህን መዝገብ ለማስጀመር የሚቀጥለውን ወረርሽኝ መጠበቅ የለባቸውም። በያዝነው የትምህርት ዘመን፣ በአንድ ክፍል እንኳ ቢጀመር፣ ክፉ ቀን ሲመጣ በዚያ ክፍል ያሉት ልጆች የት እንዳሉና ምን እንደጎደላቸው የሚያውቅ ሰው ይኖራቸዋል።